እጢው ከወጣ 7 ወር ሆነው፤ አውራ ጣቴ ግን ብቻዋን ስፔስ ትመታለች

ቀኝ አውራ ጣት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ። ግማሹን ትቼ ብጠይቅ መልሳችሁ ለኔ አይሆንም ብዬ ነው።

34 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ነኝ። ከ7 ወር በፊት በግራ በኩል ከአንጎሌ ሜኒንጂዮማ የሚባል እጢ ወጥቶልኛል። ከአንጎል ሽፋን ተነስቶ ቀኝ እጅን የሚያንቀሳቅሰውን ቦታ ተጭኖት ነበር። የታወቀውም ስለጣለኝ ነው። ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ የማስታውሰው አንድ ሰው ብዕር ሲያቀብለኝ ነው። ስነቃ ወለል ላይ ነኝ። አንዱ ጫማዬ የለም፣ ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ያየኛል። እንደዚያ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር። ሐኪሙ «ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል» አለኝ። የናሙናው ውጤትም ደረጃ 1፣ ካንሰር አይደለም ተባለ። ኬፕራ የሚባለው የመንቀጥቀጥ መድኃኒት፣ 500 ሚሊግራም ጠዋት አንድ ማታ አንድ ተሰጠኝና ወጣሁ። 4 ወር ምንም የለም። ፀጉሬ በቀለ፣ ሥራ ተመለስኩ። በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስጽፍ ጠቋሚው ብቻውን ስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመረ። ኪቦርዱ የተበላሸ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ አውራ ጣቴ ናት። ታክ፣ ታክ፣ ታክ እያለች ስፔሱን ትመታለች። እኔ አላዘዝኳትም። በግራ እጄ ጨብጬ ያዝኳት፤ መዳፌ ውስጥ ሆና ትርገበገባለች። ቀጥሎ አንጓዬ ጀመረ። ቀጥሎ የአፌ ጥግ በቀኝ በኩል ተሳበ። ይህ ሁሉ ሲሆን አእምሮዬ አልሳተም፤ ጎኔ ያለችው ልጅ ስልክ ስታወራ ቃል በቃል እሰማ ነበር። 40 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ከዚያ ወደ 20 ደቂቃ ያ እጅ የኔ አልነበረም። የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ሰነዱን ሳየው ሦስት መስመር ሙሉ ባዶ ቦታ።

ከዚያ ወዲህ 4 ጊዜ ደግሞኛል። ለማንም አልነገርኩም፣ ለባሌም ጭምር። አልወደቅኩማ!

አሁን ጥያቄዬ። ይሄ ከመንቀጥቀጥ ይቆጠራል? እጢው ተመልሶ ይሆን? ደግሞ ሆስፒታል አብራኝ የተኛች ሴት ኪኒኑን ከሳምንት በኋላ አቁሚ ተብላለች። እኔስ ለምንድነው የማላቆመው?

አንድ ነገር ልጨምር። ኬፕራውን ከጀመርኩ ወዲህ ቁጡ ሆኛለሁ። የ6 ዓመት ልጄ ውሃ ብትደፋ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደንግጣ ውሃውን በቀሚሷ መጥረግ ጀመረች። እናቴ «ቀዶው ጠባይሽን ወሰደው» ትላለች። እውነት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

---

ስምንት ዓመት

እህቴ፣ መጀመሪያ ሂጂና ለባልሽ ንገሪው። ሌላውን ከዚያ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

ነገርሽው? ጥሩ።

አዎ፣ መንቀጥቀጥ ነው። ካልወደቅኩ አይቆጠርም የሚለውን ሐሳብ ሁላችንም አስበነዋል። መንቀጥቀጥ ማለት መውደቅ ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነሳ አለ፤ ሰውየው ነቅቶ፣ እያየ፣ እየሰማ። ካንቺ አውራ ጣት ተነስቶ ወደ አንጓ፣ ከዚያ ወደ አፍ የሄደው ዝም ብሎ አይደለም። አንጎል ላይ የጣት፣ የእጅና የፊት ቦታዎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሳቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። ሐኪሞች ይህን ጉዞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም በጃክሰን ስም ነው የሚጠሩት። አውራ ጣትና አፍ ላይ መጀመሩም የተለመደ ነው፤ እነሱ አንጎል ላይ ሰፊ መሬት ይዘዋል።

የኔን ልንገርሽ። እጢዬ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ነው፣ በቀኝ በኩል ከጆሮ በላይ። ቀዶ ከተሠራሁ ስምንት ዓመት አለፈኝ። የኔው መንቀጥቀጥ ሽታ ነበር። የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ያለሁበትን ክፍል ቀድሞ የማውቀው ይመስለኛል። 20 ሴኮንድ። ይጠፋል። «ሽታው» የሚል ስም አውጥቼለት ሁለት ዓመት ሙሉ ለሐኪሜ ሳልነግረው ኖርኩ። በቀጠሮ ቀን «ጥሎህ ያውቃል?» ይለኛል፣ «በጭራሽ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ጥያቄው አልገባኝም እንጂ። አንድ ቀን ደረጃ እየወረድኩ ሽታው መጣ። ያን ቀን ግን 20 ሴኮንድ ላይ አልቆመም። የአንገት አጥንቴ ተሰብሮ ነው የነቃሁት። ትንሹ የትልቁ በር ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት በአጥንቴ ነው።

እጢው ተመልሶ ይሆን ላልሽው ሳይታይ የሚመልስልሽ የለም፤ ኤምአርአይ ነው የሚናገረው። ግን ልብ በይ፦ እጢው ሲወጣ ቦታው እንደነበረው አይሆንም። ጠባሳ አለ፣ ተጭኖ የኖረ አንጎል አለ፣ የደም ርዝራዥ አለ። እነዚህ ብቻቸውን መንቀጥቀጥ ያስነሳሉ። እኔ ሽታው ሲመላለስብኝ ሦስት ጊዜ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ሦስቱም ንጹሕ። አራተኛው ላይ ትንሽ ነገር ታየ። ያኔ ደግሞ ሽታው ራሱ ተቀይሮ ነበር፤ ቃል ይጠፋብኝ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲጀምር ወይም የድሮው መልኩን ሲቀይር የወር ቀጠሮ አይጠበቅም። ያንቺ ደግሞ አዲስ ነው። በዚህ ሳምንት ደውዪ።

እስከዚያው ደብተር ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት ጀመረ፣ ወዴት ሄደ፣ ስንት ሴኮንድ፣ የዚያን ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ዋጥሽ። የሚቀርጽልሽ ሰው ካለ በስልክ ያስቀርጽ። የኔ ሐኪም ግማሽ ሰዓት ካወራሁለት ይልቅ የ15 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው የጠቀመው።

ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ኪኒን ዘለሽ ታውቂያለሽ? እንቅልፍሽስ? ሌላ የወሰድሽው መድኃኒት አለ? እውነቱን በይ፣ እዚህ የሚቆጣሽ የለም።

---

ነጻ ሰው

እኔም ኬፕራ ነበረኝ፣ እሱ ነው የሚያናድደው። ከ3 ወር በኋላ ራሴ አቆምኩት፣ ዓመት ሆነኝ ምንም የለም። ሐኪሞች ስለሚፈሩ ነው ዕድሜ ልክ የሚያስውጡት። ሰውነትሽን አዳምጪ።

---

ስምንት ዓመት

@ነጻ ሰው እንኳን ደህና ሆንክ፤ ከልቤ ነው። ግን አንተ ከቀዶው በፊት ጥሎህ ያውቃል? እሷን ጥሏታል። አሁንም እየተነሳባት ነው። ኬፕራ ላይ እያለች ጣቷ እየዘለለ ኬፕራውን ጣይ ማለት፣ ውሃ እያፈሰሰ ያለ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮውን እንደ መግፈፍ ነው።

---

ባለ ነጭ ጋወን

ፋርማሲስት ነኝ። ሐኪምሽ አይደለሁምና መጠን ጨምሪ ቀንሺ አልልሽም። የማውቀውን ግን ልጻፍልሽ።

የሳምንቱ ጉዳይ። አብራሽ የተኛችው ሴት ከቀዶው በፊትም በኋላም አልተነሳባትም ብዬ እገምታለሁ። ለእንደሷ ያለ ሰው ኪኒኑ ለመከላከያ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ቀዶው አንጎሉን ገና ባስቆጣበት በመጀመሪያው ሳምንት። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው መመሪያ፣ መንቀጥቀጥ የማያውቀው የእጢ ታማሚ ከቀዶው በኋላ ደህና ከሆነ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ኪኒኑ እየተቀነሰ እንዲቆምለት ይመክራል። የኒውሮ ኦንኮሎጂ (የአንጎል እጢ ሕክምና) ማኅበርና የአውሮፓ አቻው እ.ኤ.አ. በ2021 አብረው ጉዳዩን እንደገና አይተውት፣ መንቀጥቀጥ ለማያውቅ ሰው እንዲሁ ለመከላከል መስጠትን አልደገፉም። አንቺ ግን ቀድሞ ጥሎሻል። ላንቺ መከላከያ አይደለም፣ ሕክምናሽ ነው። አንድ ስም ያለው ኪኒን፣ ሁለት የተለያየ ሥራ።

አንድ ቀን ሊቆምልሽ አይችልም ማለት አይደለም። ደረጃ 1 ሆኖ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ካልተነሳ ሐኪሞች ስለ መቀነስ ያወራሉ። ያም በሳምንታትና በወራት፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ለሰዓታት የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ቁጣሽ። ይህን ክፍል ለእናትሽም አንብቢላቸው። ንዴት፣ ብስጭት፣ ቶሎ ማልቀስ፣ ድብታ የኬፕራ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው፤ መድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሁሉንም አይነካም፤ የሚነካቸው ግን «እኔ አይደለሁም» ነው የሚሉት። በግንባር በኩል የሚሠራ ቀዶ ራሱ ጠባይ ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ መለየቱ የሐኪሙ ሥራ ነው። ፍንጩ ጊዜው ነው፦ ቁጣው ኪኒኑ ሲጀመር ከጀመረ፣ መጠኑ ሲጨምር ከባሰ፣ ወደ ኪኒኑ ያመለክታል። አንዳንድ ሐኪሞች ቫይታሚን ቢ6 ይሞክራሉ፤ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም። ሌሎች ወደ ሌላ መድኃኒት ይቀይራሉ። ያለው ኬፕራ ብቻ አይደለም፤ ላሞትሪጂን አለ፣ ላኮሳሚድ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ቫልፕሮት በመውለድ ዕድሜ ላለች ሴት በተቻለ መጠን አይመረጥም፣ ጽንሱን ይጎዳል። ፌኒቶይን ደግሞ ድዱን ያሳብጣል፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጣላል። ለምሳሌ ለአንጎል እብጠት የሚሰጠውን ዴክሳሜታዞን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል።

ቁጣው ራስን ወደ መጉዳት ሐሳብ ከተሻገረ ወይም ድምፅ መስማት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያን ቀን ሂጂ።

የማስጠንቅቃቸው መድኃኒቶች አሉ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ መንቀጥቀጡ በቀላሉ እንዲነሳ ያደርጋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ለጉንፋንና ለእንቅልፍ ተብለው በቀላሉ የሚሸጡት የሚያስተኙ የአለርጂ ኪኒኖችም አሉበት። ፋርማሲ ስትገቢ የመጀመሪያ ቃልሽ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ» ይሁን። ከሰላምታው በፊት ቢሆንም አንቀየምም።

---

የሱ ሚስት

እኔ የሌላኛው ወገን ነኝ። እሱ ይወድቃል፣ እኔ እይዛለሁ። ባሌ ግሊዮማ የሚባል የአንጎል እጢ ነው ያለበት፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ተሠርቷል።

ለባልሽ የምነግረው አለኝ፣ አንቺ ንገሪልኝ። የመጀመሪያው ቀን እኔ ማንኪያ ነው ጥርሱ መሀል የከተትኩት። ከልጅነቴ እንደዚያ ሲደረግ ነው ያየሁት። የፊት ጥርሱ ተሸረፈ። ምላሱም አልተረፈም። አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። ማንኪያ፣ ጣት፣ ጨርቅ፣ ውሃ፣ ኪኒን፣ ምንም።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ሰዓት አያለሁ። የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋው ትይዩ ያዛወርነው ለዚህ ነው። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን እገፋለሁ። ከጭንቅላቱ ሥር ሹራብም ቢሆን ያገኘሁትን ለስላሳ ነገር እከታለሁ። የሸሚዙን አንገት እፈታለሁ። እጁን ጨምቄ አልይዝም፤ ጨምቀሽ ብትይዢው አይቆምም፣ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ሲረግብ በጎኑ አዞረዋለሁ፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲወርድ። ከዚያ ስሙን እየጠራሁ እቀመጣለሁ። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ። ሳይነቃ ሁለተኛው ከመጣም አምቡላንስ። ቤታችን ለዚያ ጊዜ የሚሆን መድኃኒት ተሰጥቶናል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ሚዳዞላም። በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም ያላቸውም አሉ። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ላይነሳ ይችላል።

አምስት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ሰው መሬት ላይ ሆኖ ሲቆጠር ግን አያልቅም። የእሱ አብዛኛው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አያልፍም፤ በኔ ግምት ግን የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ነበር። ሰዓት እዪ የምለው ለዚህ ነው።

እጅሽ 20 ደቂቃ አልታዘዝ አለኝ ያልሽው፣ የባሌ እግር አንዴ ሙሉ ቀን እንደዚያ ሆኗል። ስትሮክ ነው ብለን እየጮኽን ሄድን። ሐኪሙ የቶድ ሽባነት ነው አለን፤ አንጎሉ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ደክሞት የሚያርፍበት ጊዜ ነው፣ ይመለሳል። ተመለሰም። ግን መጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ራስሽ «ቶድ ነው» ብለሽ ቤት አትቀመጪ። ስትሮክም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚመስለው።

የቀረው ቀላል ነው። መታጠቢያ ቤት ስትገቢ በሩን አትቆልፊ። ገንዳ ሞልተሽ አትግቢ፣ ሻወር ይበቃል። ምድጃ ላይ የኋለኛውን ተጠቀሚ፣ የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ብቻሽን አትዋኚ። መኪና ትነጂ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሪ መሪ አትጨብጪ። እዚህ ላይ ባሌ አንድ ወር አኩርፎኛል። ያኩርፍ።

---

ቀኝ አውራ ጣት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሁለቴ።

ለባሌ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አውቃለሁ» አለኝ። ማታ ተኝቼ በግራ እጄ ቀኝ አውራ ጣቴን ጨብጬ ሲያየኝ ከርሟል። «ሕፃን ትመስያለሽ፤ አልቀሰቀስኩሽም፣ አልጠየቅኩሽም» አለኝ። እንግዲህ ሁለታችንም እየተደባበቅን ነበር።

@ስምንት ዓመት ሦስቱን ጥያቄ ልመልስ። አፍራለሁ ግን ልመልስ። ኪኒን አልዘለልኩም። ግን የጠዋቱን ወደ ምሳ ሰዓት አዛውሬዋለሁ። ጠዋት ከወሰድኩ እስከ እኩለ ቀን ራሴን አላውቅም፣ ቁጥር ይደበላለቅብኛል። የማታውን 2 ሰዓት ላይ እውጣለሁ፣ የጠዋቱን 6 ሰዓት ላይ። በቀን ሁለት ነው የተባለው፣ ሁለት ነው የወሰድኩት ብዬ ነው። እንቅልፍ ደግሞ የወር መጨረሻ ሲመጣ ሒሳብ መዝጊያ ነው፣ ለ4 ሰዓት ያህል ከተኛሁ ጥሩ ነው። አሁን ደብተር ላይ ወደኋላ ስጽፈው ከአምስቱ አራቱ በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ነው የተነሱት። ጽፌ እስካየው አልታየኝም ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ!

ትራማዶል አልወሰድኩም። ከሦስት ቀን በኋላ ቀጠሮ ሰጡኝ።

---

ባለ ነጭ ጋወን

አያሳፍርም። ግን ያንን ስሌት አብረን እናየው፣ አንቺ ቁጥር ስለምትወጂ።

ኬፕራ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሲቆይ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት 16 ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ በግማሽ ተቀንሶ፣ ትንሽ ጨምሮም ሄዷል። ኪኒኑን ልትውጪ ስትደርሺ የቀረሽ ከማታው ሩብ ገደማ ነው። ከዚያ በ6 ሰዓት ትወስጂና፣ 8 ሰዓት ብቻ ቆይተሽ የማታውን ትደርቢያለሽ። ሁለት ኪኒን ነው፣ እውነት ነው። ግን ረጅም ጉድጓድና አጭር ኮረብታ ሆኗል። በ12 ሰዓት ልዩነት የሚባለው ለዚህ ነው። ረጅሙ ጉድጓድ ላይ የወር መጨረሻ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመር ደግሞ አስቢው።

ከረሳሽ፣ ትዝ ሲልሽ ውሰጂ። የሚቀጥለው ሰዓት በጣም ከቀረበ ግን የረሳሽውን ተዪው እንጂ ሁለቱን በአንዴ አትዋጪ። ካስመለሰሽም ጠይቂ፤ ማስመለስ ኪኒን ዘልሎ እንደማደር ነው።

የጠዋቱ ድብታ እውነተኛ ችግር ነው፣ ሰበብ አይደለም። ለሐኪሙ እንደ ቁጣው ሁሉ እንደዚያው ንገሪው። ዝም ብለሽ ሰዓት ስታዛውሪ እሱ የሚያየው «500 ሁለቴ እየወሰደች ይነሳባታል» የሚለውን ነው። የተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይወስንልሻል።

---

ስምንት ዓመት

ስልኬ ላይ ማንቂያ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። ስምንት ዓመት ሙሉ። የወንድሜ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጮኸ። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰማው «ኪኒን!» ይላል።

---

ቀኝ አውራ ጣት (ጠያቂ)

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ የሆነውን ልጻፍ።

ደብተሩንና ቪዲዮውን ይዤ ሄድኩ። ቪዲዮውን የቀረጸው ባሌ ነው፤ እጁ ከኔ ጣት የበለጠ ይንቀጠቀጣል። የነርቭ ሐኪሟ ሁለቴ አየችውና ገና ሳልጨርስ «ከየት እንደሚነሳ ጣትሽ ነግራኛለች» አለች። ደም ታየ፤ ሶዲየሜ (የደሜ ጨው) ደህና ነው። ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ተነሳሁ፣ ምንም አላሳየም። ደስ ብሎኝ «ስለዚህ የለብኝም?» አልኳት። «ኢኢጂ ለግማሽ ሰዓት በመስኮት ማየት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት በመንገዱ ማንም አላለፈም፣ በቃ» አለችኝ። ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው። እጢው የለም። ያለው ጠባሳ ነው።

ቁጣውን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ባሌን ጠየቀችው። እሱ የውሃውን ነገር ነገራት፤ እኔ ያላወቅኋቸውን ሌሎች ሁለት ቀኖችም ጨመረ። ኬፕራውን መጨመር አልፈለገችም። ላሞትሪጂን ጀመርኩ። 25 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 50። ይቀጥላል። ኬፕራው አሁን ባለበት ይቆያል፤ ላሞትሪጂኑ ሲደርስ እሱ ይቀነሳል። ለምን እንደዚህ ዝግ ይላል ስላት፣ ቶሎ ከተጨመረ ቆዳ ላይ አደገኛ ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል ነው አለች። ሽፍታ ካየሽ በዚያው ቀን ደውዪ፣ አፍና ዓይን አካባቢ ከሆነ በተለይ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ጠየቀችኝ፤ ኤስትሮጅን ያለባቸው ላሞትሪጂኑን ከደም ውስጥ ይቀንሱታል። ስለዚህ እሱንም ሳልነግር አልጀምርም፣ አላቆምም።

ኬፕራውን 1 ሰዓትና 1 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ የወር መጨረሻውን ለሁለት ሰው ከፈለው። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ከመናገሬ በፊት ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ጎኔ ላለችው ልጅም ነገርኳት። ማንኪያ እንዳትይዝ ብዬ አስጠነቀቅኳት፤ «ቢሮ ውስጥ ማንኪያ የለንም» አለች።

በ5 ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቷል። ደብተሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ። አውራ ጣት ብቻ፣ አንጓ አልደረሰም። 11 ሴኮንድ። ሌሊቱን ለ7 ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ። ኪኒን በሰዓቱ። ልጄ አምሟት ሁለቴ ነቅቻለሁ።»

ቁጣው ገና አለ። ግን ሲመጣ አሁን አውቀዋለሁ፤ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ። ልጄ «እማዬ ኪኒኗ መጣባት» ትላለች።

አንዲት ትንሽ ጥያቄ ቀረችኝ። ማክሰኞ ጥርስ ሊነቀልልኝ ነው። የማደንዘዣው መርፌ ችግር አለው?

---

ባለ ነጭ ጋወን

ለጥርስ ሐኪሙ የምትወስጃቸውን ሁለቱንም ኪኒኖች፣ ቀዶውንም፣ መጨረሻ የተነሳበትንም ቀን ንገሪው። በጥርስ ላይ የሚወጋው የተለመደው ማደንዘዣ በትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የጠዋት ኪኒንሽን ውጠሽ ሂጂ፤ «ከጥርስ በፊት አልበላም» ብለሽ እንዳትዘልዪው። ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ ሌሊቱን ተኝተሽ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃሻል። ትራማዶል ከጻፈልሽ ወረቀቱን መልሺለት።

---

የሱ ሚስት

ሰው ይዘሽ ሂጂ።

---

ቀኝ አውራ ጣት (ጠያቂ)

ባሌ ፈቃድ ወስዷል። ሰዓትም ይዟል።